የልጅነት መከራ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ምን ይሠራል? ስለ ባይፖላርና ስለ አካል ጤና

የአጎቴ ልጅ ባይፖላር አለበት። ዕድሜው 34 ነው። ባለፈው ዓመት ለወራት «ውሃ ይጠማኛል፣ ድካም አልለቀቀኝም፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ» ይል ነበር። እኛ ቤተሰቦቹ «መድኃኒቱ ይሆናላ» አልን። የሄደበት ጤና ተቋም ውስጥ ያገኘው ባለሙያም ካርዱን አገላብጦ አየና «ጭንቀት ነው፣ ብቻ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ብሎ ሸኘው። በስተመጨረሻ፣ በሌላ ቀን፣ አንዲት ሲስተር ጣቱን ወጋ አድርጋ የደም ስኳሩን ለካች። ስኳር በሽታ ነበር። ልኬቱ የፈጀው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልተወኝም፦ የስሜት ሕመም ያለበት ሰው አካሉም ቶሎ የሚታመመው ለምንድነው? ጥናቶቹን ማንበብ ስጀምር መልሱ ካሰብኩት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ እስከ ልጅነት ድረስ። እስቲ አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ፦ ባይፖላር ምንድነው?

ባይፖላር «ዛሬ ደስ ብሎኝ ነገ ይከፋኛል» ማለት አይደለም። እሱማ ሁላችንም ጋ ያለ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ስሜቱ፣ ጉልበቱና እንቅልፉ አንድ ላይ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከተለመደው ወሰን ይወጣሉ። አንደኛው ጫፍ ማኒያ ይባላል፦ ሰውየው ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ጉልበቱ አያልቅም፣ ሐሳቡ ይሮጣል፣ ወሬው አይቆምም፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ሊበትን ይችላል። ሌላኛው ጫፍ ድብርት ነው፦ ከአልጋ ተነስቶ ፊትን መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰውየው ደህና ሆኖ የሚሠራበት፣ የሚማርበት፣ የሚስቅበት ጊዜ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባይፖላር ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። በአገራችንም ተጠንቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ተዳሰው፣ ከ300 በላይ በሚሆኑት ላይ ባይፖላር ተገኝቷል። በግርድፉ ከ200 ሰው አንድ ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት 1,000 ተማሪ ከነበረው፣ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የሚገጥማቸው ጥቂት ልጆች በአጠገባችሁ አልፈው ሊሆን ይችላል።

ዕድሜን የሚያሳጥረው ምንድነው?

ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ከሌላው ሰው ቀድመው ይሞታሉ። በበለጸጉ አገሮች ልዩነቱ 10 ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው ራስን ማጥፋትን ነው። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ሊቃለል አይገባም። ግን እኮ ከጠፉት ዓመታት ብዙዎቹን የሚወስደው ሌላ ነገር ነው፦ የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳር፣ የሳንባ ሕመም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ባይፖላር ካለባቸው ሰዎች መካከል ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የሆድ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የስብ መዛባት በአንድ ላይ ተደራርበውባቸዋል።

የቡታጅራው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ተመራማሪዎቹ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። ከነሱ ውስጥ ባይፖላር፣ ስኪዞፍሬኒያና ከባድ ድብርት ያለባቸው ነበሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ፤ በአማካይ ከሚጠበቅባቸው ዕድሜ ሦስት አስርት ዓመታት ያህል ቀድመው። ለግማሽ ያህሉ ሞት ምክንያቱ ተላላፊ በሽታ ነበር። አያችሁ? አንድ ቦታ ልብ ነው፣ ሌላ ቦታ ተላላፊ በሽታ ነው። በሽታው እንደ አካባቢው ይለያያል፤ ቀድሞ የሚጎዳው ሰው ግን ያው ነው።

«የልጅነት መከራ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ቪንሰንት ፈሊቲ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በሳን ዲዬጎ ከተማ ከልክ በላይ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ይረዱ ነበር። ታካሚዎቻቸውን ስለ ሕይወታቸው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው መሆኑን ሰሙና ገረማቸው። ከዚያም ከሮበርት አንዳ ጋር ሆነው አንድ ትልቅ ጥናት ሠሩ፤ የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። በጠቅላላው በጥናቱ ከ17,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል።

ጥያቄዎቹ ቀላልና ከባድ ነበሩ። ቀላል፣ ምክንያቱም መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ከባድ፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚሉ ናቸው፦ ልጅ እያለህ ይደበድቡህ ነበር? ያዋርዱህ ነበር? ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብሃል? እናትህ ስትደበደብ አይተሃል? ቤት ውስጥ በመጠጥ የተጠመደ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም የታሰረ ሰው ነበር? እያንዳንዱ ዓይነት አንድ ነጥብ ነው።

ውጤቱ እንደ ደረጃ ነው፦ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የበሽታው ዕድልም ይጨምራል። አራትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያላቸው ሰዎች፣ ዜሮ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፦ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የጤና መድን ያላቸው፣ ኑሯቸው ደህና የሚባል ሰዎች ናቸው። «ድህነት ነው» ብቻ ብለን ልናልፈው አንችልም።

ይህ ከባይፖላር ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ2016 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ሌላ የጥናቶች ጥናት፣ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች የልጅነት መከራ አጋጥሟቸው የመገኘት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 2.6 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ስሜትን የሚሰብር በደል፣ ማለትም ስድብ፣ ማዋረድ፣ ማስፈራራት ብቻውን ሲታይ ደግሞ አራት እጥፍ ደረሰ። ዱላ ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

አንድ እርምጃ እንጨምር። ሮበርት ፖስት የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ በኔዘርላንድና በጀርመን ባይፖላር ያለባቸውን ከ900 በላይ አዋቂዎች ጠየቁ፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ሁሉም ባይፖላር አለባቸው። ታዲያ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምንድነው? የልጅነት መከራቸው የበዛው ሰዎች የአካል ሕመማቸውም በዝቶ ተገኘ፦ አስም፣ ማይግሬን፣ የደም ግፊት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአንጀት መታወክና ሌሎችም። ማለትም ባይፖላሩ ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም። ከበስተጀርባው ያለው ልጅነትም ድርሻ አለው።

ስታቢላይዘሩ

እሺ፣ ግን እንዴት? በስምንት ዓመቱ የተሰደበ ልጅ በ40 ዓመቱ ግፊት የሚይዘው በምን መንገድ ነው? እዚህ ላይ የምህንድስና ጭንቅላቴ ወደ አንድ የቤት ዕቃ ይሄድብኛል።

ብዙ ቤት ውስጥ ፍሪጅ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ በመካከሉ ስታቢላይዘር አለ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ስታቢላይዘሩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ወደ ፍሪጁ የሚገባውን ቮልቴጅ 220 አካባቢ ያቆየዋል። ፍሪጁ ምንም አልሆነም። ግን ያ «ቀጭ» በነጻ የሚገኝ አይደለም። በውስጡ ያለው መቀያየሪያ በተቀያየረ ቁጥር ጫፉ ጥቂት ጥቂት ይቃጠላል። መብራት ሌት ተቀን የሚዋዥቅበት ሰፈር ያለ ስታቢላይዘር ቶሎ ያረጃል።

ሰውነታችንም እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው። አደጋ ስናይ፣ ለምሳሌ ውሻ ሲያሯሩጠን፣ አእምሯችን ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል። ፒቱታሪ ደግሞ ከኩላሊቶቻችን በላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ያስተላልፋል። እነሱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። ኮርቲሶል ደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል፤ ለመሮጥ ነዳጅ ያስፈልጋላ። ከአድሬናሊን ጋር ሆኖም ልብና ግፊትን ያነሳል። ውሻው ሲሄድ ኮርቲሶሉ ራሱ ወደ አእምሮ ተመልሶ «በቃ፣ ይበቃል» ይላል፤ ሥርዓቱም ይረጋጋል። መሐንዲሶች ይህን የግብረ መልስ ዑደት እንለዋለን። በጣም የሚያምር ንድፍ ነው።

ችግሩ ውሻው ቤት ውስጥ የሚኖር ሲሆን ነው። ማታ በር ሲንኳኳ «ዛሬ ሰክሮ ይሆን?» ብሎ የሚያዳምጥ ልጅ ሥርዓቱ አይጠፋም። ደግሞም ልጅ ስለሆነ ሥርዓቱ ገና እየተስተካከለ ነው፤ አእምሮው «የተወለድኩበት ዓለም እንዴት ያለ ነው?» ብሎ እየለካ ነው። ልኬቱ «አደገኛ ነው» ካለ፣ ማንቂያው በትንሽ ነገር እንዲጮህ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ የልጁ ድክመት አይደለም። ለዚያ ቤት ትክክለኛ ማስተካከያ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው።

ብሩስ ማክዌንና ኤሊየት ስቴላር የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚህ ዋጋ ስም አወጡለት፦ አሎስታቲክ ሎድ። ሰውነት ራሱን ለማረጋጋት ደጋግሞ ሲሠራ የሚጠራቀምበት ድካም ማለት ነው። የስታቢላይዘሩ ቃጠሎ በሉት።

አንዱ መንገድ ብግነት ነው። እጃችሁ ሲቆስል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ የመከላከያ ሥርዓታችሁ ሥራ ላይ ነው። ኮርቲሶል ከሥራዎቹ አንዱ ይህን እሳት በልክ መያዝ ነው። ለዓመታት ኮርቲሶል ሲጮህባቸው የኖሩ ሴሎች ግን መስማት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ፍሬኑ ይላላል። ያኔ ቁስል ሳይኖር ዝግ ያለ እሳት በመላ ሰውነት ይቀራል። የደም ሥር ግድግዳ የሚጎዳው፣ ኢንሱሊን በደንብ መሥራት የሚያቅተው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን ተመራማሪዎች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ሲከታተሉ ኖረዋል። 32 ዓመት ሲሞላቸው ደማቸው ተመረመረ። በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሲአርፒ የተባለው፣ ጉበት ብግነት ሲኖር የሚያመርተው ፕሮቲን ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲጋራውም፣ የአሁኑ ኑሮ ጭንቀትም፣ ሌላውም ተቀንሶ ከታየ በኋላ ልዩነቱ አልጠፋም። የዚህ ጥናት ጥንካሬው፣ ልጆቹን ልጅ እያሉ መዝግቦ መያዙ ነው።

ባይፖላር ሲጨመርበት

አሁን በዚህ ላይ ባይፖላርን ጨምሩበት። ሸክሙ ቢያንስ በአራት በኩል ይመጣል።

አንደኛ፣ ሕመሙ ራሱ። በማኒያ ጊዜ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የሰውነት ሰዓት ይዛባል፣ ሲአርፒም ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ። እውነቱን እንነጋገር። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኦላንዛፒን፣ ክብደትና ስኳር ሊጨምሩ ይችላሉ። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚሠራ ያሳወቀው ሊቲየም ደግሞ የኩላሊትና የታይሮይድ ክትትል ይፈልጋል። ግን ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ይቅርብን» እንዳትሉ! ሊቲየም ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ የታወቀ ነው። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሳል፤ አንዳንዴም ብሶ። የሚያስፈልገው ማቋረጥ ሳይሆን መለካት ነው።

ሦስተኛ፣ ኑሮው። ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ የጠፋ ሥራ። እነዚህ ከልጅነት መከራም ከባይፖላርም ጋር ይያያዛሉ፤ ስለዚህ በሁለት በኩል ይገፋሉ።

አራተኛ፣ የእኛ አመለካከት። የአጎቴን ልጅ አስታውሱ። የአእምሮ ሕመም ስም ካርድ ላይ ከተጻፈ በኋላ ሌላው ሕመም ሁሉ በዚያ ስም ይጋረዳል። ደረቱን ሲያመው «ጭንቀት»፣ ሲደክመው «ድብርት»። አራቱንም አንድ ላይ ሳያቸው በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ለማስተካከል አዲስ ግኝት አይጠይቅም።

ቆይ፣ ቆይ፤ መንስኤው በእርግጥ ይሄ ነው?

ጎበዝ አንባቢ እዚህ ጋ መጠየቅ አለበት። አብሮ መገኘትና መንስኤ መሆን ይለያያሉ። ከላይ ካየናቸው ጥናቶች ብዙዎቹ አዋቂዎችን «ልጅነትህ እንዴት ነበር?» ብለው የጠየቁ ናቸው፤ ትዝታ ደግሞ እንደ ስሜታችን ይቀያየራል። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በባይፖላር ላይ የዘር ድርሻ ትልቅ ነው። ያልታከመ ባይፖላር ያለበት ወላጅ ዘሩንም ያወርሳል፣ ቤቱም ሊናጋ ይችላል። ያኔ መከራውና ሕመሙ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «መከራው ባይፖላር አመጣ» ከማለት «መከራው ሸክም ይጨምራል» ማለቱ ይሻላል።

ሌላው፣ አማካይ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ሮበርት አንዳ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በጻፉት ጽሑፍ ነጥቡን የአንድን ሰው ዕጣ ለመተንበይ እንዳንጠቀምበት አስጠንቅቀዋል። ብዙ መከራ አይተው ጤነኛ ሆነው የኖሩ አሉ። ምንም ሳይደርስባቸው የታመሙም አሉ።

የስታቢላይዘሩ ምሳሌም እዚህ ጋ ይሰበራል። የተቃጠለ መቀያየሪያ ራሱን አይጠግንም። ሰውነት ግን ይጠግናል። እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ ሕክምና፣ ሲጋራ ማቆም በማንኛውም ዕድሜ ለውጥ ያመጣሉ። ለልጅ ደግሞ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚያምነው አዋቂ እንኳ ቢኖረው ብዙ ይረዳዋል፤ አያት ትሁን፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ባይፖላር ያለበት ሰው ካለ፣ «አመመኝ» ሲል እንደማንኛውም ሰው እመኑት። ቢያንስ በዓመት አንዴ ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ስብ መለካቱን ጠይቁ። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ከሆነ የደም ውስጥ መጠኑ፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱም ይታያሉ። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፦ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ሊቲየም በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊከማች ይችላል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ወይም ያለ ውሃ የሚጾም ረጅም ጾም ካለ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ከፋርማሲ ዝም ብሎ ገዝቶ መዋጥ አያዋጣም። ጸበል የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ።

ይህን እያነበባችሁ «ስለ እኔ ቤት ነው የተጻፈው» ያላችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ለአንድ የምታምኑት አዋቂ ንገሩ። የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ።

የአጎቴ ልጅ አሁን ሁለቱንም መድኃኒት ይወስዳል፤ የባይፖላሩንም የስኳሩንም። አባቱን ያጣው በሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞር አደገ፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ዱላም ነበር። ስኳሩ የመጣው ከዚያ ነው? ስለ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ መናገር የሚችል ሳይንስ የለም። እሱ ግን ይህን ሁሉ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ያን ጊዜ ጣቴን ለመውጋት ልጅነቴን ማወቅ አያስፈልጋቸውም ነበር» አለኝ። ልክ ነው። ባለፈው ወር ሲለካ ስኳሩ ወርዶ ነበር። ማታ ማታ አብረን በእግር እንሄዳለን።